ዙሐል ቀለበቱን ያጣበት ዓመት

ደባርቅ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ይድረስ መካነ ብርሃን ላሉት ለባለቤቴ እናት፣ ለእኔም ለእናቴ።

እማማ፣ እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎን የሚያምዎት ነገር ተሻለዎት ወይ? የላክሁልዎን ቅባት ማታ ማታ ይቀቡት እንጂ እንደ ልማድዎ ለእንግዳ ብለው አያስቀምጡት። ላሚቱስ ወለደች? ገብሱን ውርጭ እንዳልነካው ነጋዴው ሰጠኝ ሲነግረኝ ደስ ብሎኛል። እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ። ክሊኒክ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ የሰው ዓይን እጠርጋለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፤ ሥራ አልጎደለብኝም።

ነጋዴው ሰጠኝ ባለፈው ገበያ በቅሎዎቹን እንዳራገፈ በቀጥታ ወደ እኔ መጥቶ መልእክትዎን ነገረኝ። ሁለት ነገር ጠይቀውኛል። አንደኛው፣ ልጄ ለምን አይጽፍልኝም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ያ ቀለበት የሚሉት ነገር ወጣ ወይ የሚል ነው። ሁለተኛውን ላስቀድምና፣ አዎ፣ ወጥቷል። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወደ አንደኛው ቀስ ብዬ እመጣለሁ። ቄሳችን አገኘሁም ደብዳቤዬን ሲያነቡልዎ እባክዎ ከመካከል ዘለው መጨረሻውን አይመልከቱ። ጥድፊያቸውን አውቀዋለሁ፤ የሠርጋችንን ጸሎት እንኳ ምግብ እንዳይቀዘቅዝ ብለው ነው ያፈጠኑት።

ሰጠኝ ወሬውን በየገበያው ቆራርጦ ስላደረሰልዎ ከሥሩ ልንገርዎ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እርስዎም ይፈርዳሉ። እኔ እንደሆነ ግማሹን በእርስዎ ላይ አድርጌዋለሁ።

ልጅዎ አሻግሬ ሰማይ የሚወድ ሰው መሆኑን እርስዎ ያውቁ ነበር፤ እኔ ሳገባው ማንም አልነገረኝም። ሌላዋ ሴት የባሏን ጓደኞች ትጠላለች፣ እኔ ደመና የሌለበትን ምሽት ነበር የምጠላው። ያቺ ባለ ሦስት እግር መነጽር፣ እሱ ቴሌስኮፕ የሚላት፣ ከቡይት ራስ ወዲያ ዋልያ ሲያጠና የነበረ አንድ ፈረንጅ የተዋት ናት። ጦርነቱ ሲቃረብ ሰውየው አንድ ሻንጣ ይዞ ወጣ። መነጽሯን ለአሻግሬ ያወረሰው፣ በየቅዳሜው እየሄደ በእንግሊዝኛ የሚያጫውተው እሱ ስለነበረ ነው።

ሳተርን የሚባል ኮከብ አለ። መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል በመጽሐፋቸው የሚያውቁት ዙሐል ብለው ነው። በባዶ ዓይን ሲያዩት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ከሌላው ኮከብ አይለይም። በመነጽሯ ሲታይ ግን መሃል ላይ ድቡልቡል አካል አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ ሳይነካው ቀለበት ከቦታል። በሰባ ዓመተ ምሕረት የፋሲካ ሰሞን፣ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ግቢያችን በሰው ይሞላ ነበር። ጎረቤታችን በለጠች የምትሸጠውን ጠላ ጥላ መጥታ አየችና ይኼስ የታጨ ነው፣ ለማን ይሆን ብላ ሰዉን አሳቀችው። ከዚያ ወዲህ በደባርቅ አሻግሬ ማለት ባለቀለበቱ መምህር ሆነ።

ባለፈው የካቲት ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ መነጽሯንም ተሸክሞ፣ ሊማሊሞ ገደል አፋፍ ድረስ ወሰዳቸው። በጠራራ ፀሐይ ነው። ወደ ዛሪማ የሚወርደውን መንገድ ከላይ ሆነው አይተው ርቀት ምን እንደሆነ እንዲገባቸው ነው አለ። ልጆቹ የቆርቆሮ ቤት አዩ፣ ውሻ አዩ፣ ጠመዝማዛውን የሚወጡ መኪኖችም አዩ። መኪኖቹ የጦር መኪኖች ነበሩ። በማግስቱ አሻግሬን ከሚያስተምርበት ክፍል አወጡት። ለሽፍታ ዓይን ሆኗል፣ የጦሩን መኪና ይቆጥራል ተባለ።

ነገሩን የያዘው የአውራጃው ካድሬ ጓድ ደስታው ነበር። ወጣት ነው፣ አፉ ክፉ አይደለም፣ ለሽማግሌ ከወንበሩ ይነሣል። ይህን የምጽፍልዎ ሊረግሙት እንዳይቸኩሉ ብዬ ነው። ሽማግሌዎቻችን ሄደው መነጽሯ ለሰማይ እንጂ ለምድር አይደለችም፣ ቀለበት ያለውን ኮከብ በዓይናችን አይተንባታል ብለው መሰከሩለት። ያየውም ያላየውም ነው የመሰከረው። ጎረቤት ሲታሰርበት አይቻለሁ ማለት የሀገራችን ወግ ነው፣ ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም። ጓድ ደስታው እስከ መጨረሻው አዳመጣቸውና እኔም ልየው አለ። ቀለበቱን ካየ አሻግሬን በዚያው ምሽት ሊለቀው በሁሉም ፊት ቃል ገባ።

መጋቢት ሦስት ቀን፣ በዐቢይ ጾም፣ ሕዝቡ በቀበሌው ግቢ ተሰበሰበ። አሻግሬን በሁለት ዘበኞች መካከል አመጡት። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። መነጽሯን ሲያይ ግን ፊቱ በራ፤ እኔን ሲያይ እንኳ እንደዚያ አልሆነም፣ ቅያሜዬን እዚህ ላይ ይመዝግቡልኝ። ጀምበር ገብታ ዙሐል በምሥራቅ ከፍ ሲል አነጣጠረ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ብዙም ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። አንድ ነገር ሊናገር ሲል ጓድ ደስታው ሽማግሌዎቹ ይቅደሙ ብሎ ወደ ጎን አስቆመው።

መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ቀደሙ። አዩና ቀና ብለው አሻግሬን አንድ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ቀለበቱ እንደ ድሮው ነው አሉ። በለጠች ተከተለች፣ እንዲያውም ደምቋል አለች። ከኋላዋ ያለው ሰው ወርቅ ይመስላል አለ። ተራው በቀጠለ ቁጥር ቀለበቱ እየሰፋና እያማረ ሄደ። ተማሪዎቹም ደረሱ፣ እነሱም አየን አሉ። የእኔ ተራ ሲሆን ዓይኔን አስጠጋሁ። እማማ፣ ምንም አልነበረም። የሽምብራ ፍሬ የመሰለ አንድ ድቡልቡል ነገር ብቻውን ቁጭ ብሏል። እኔም እንደ ሰዉ አየሁ አልሁ።

ጓድ ደስታው የመጨረሻው ሆነ። አየ፣ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ፣ ደግሞ አየ። የተማረ ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ያየውን እሱ ብቻ አጣው መባል ከብዶታል። አጠገቡ ስለቆምሁ ፊቱን አይቼዋለሁ፤ አየሁ ሊል ጥቂት ነበር የቀረው። ያኔ ልጅዎ ተናገረ።

«ጓድ ደስታው፣ ቀለበቱ ዛሬ አይታይም። ማንም አላየውም፣ እኔም አላየሁትም» አለ።

በለጠች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። እሱ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስል ማስተማሩን ቀጠለ። ሰፌድ አምጡልኝ አለ። ሰፌዱን ፊት ለፊት ይዞ ክብነቱን አሳየን፤ ከዚያ ጠርዙን ወደ እኛ ሲያዞረው አንድ ቀጭን መስመር ሆነ። ዘበኞቹን አስፈቅዶ እስከ አጥሩ ድረስ ርቆ ሲያሳየን መስመሩም ጠፋ። ቀለበቱም እንዲሁ ነው፣ እጅግ ሰፊ ነው ግን ስስ ነው፣ በአሥራ አራት በአሥራ አምስት ዓመት አንዴ ጠርዙን ወደ እኛ ያዞራል አለ። ዓመቱ መድረሱን ማስታወስ ነበረብኝ፣ በእስሩ ሐሳብ ረሳሁት ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ዙሐል ክረምቱን ከፀሐይ ጋር ከርሞ ኅዳር ላይ ሊነጋ ሲል በምሥራቅ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ቀለበቱ ተመልሶ ይታያል አለ።

ጓድ ደስታው ይህ ሁሉ ሰው ዋሽቶኛል ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። አሻግሬ መሬት መሬት አየ። እንግዲያው እስከ ኅዳር እዚሁ ትቆያለህ፣ ቀለበቱ ከታየ ትወጣለህ፣ ካልታየ በአብዮቱ ላይ አላግጠሃል አለው። ከዚያ ወሰዱት።

በማግስቱ ስንቁን ይዤ ስሄድ ሰላም እንኳ አላልሁትም። አንድ አፍታ ዝም ብትል ዛሬ ቤትህ ታድር ነበር አልሁት። የመለሰልኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ።

«ተማሪዎቼ ተሰልፈው ነበር። ያላዩትን አየን አሉ። ዝም ብል ኖሮ ከዚያ በኋላ ምን አስተምራቸዋለሁ?»

ንዴቱ ግን ብዙ ቀን አልወጣልኝም። እማማ፣ ወቀሳው ለእርስዎ ነው ያልሁት ስለዚህ ነው። ሌላ እናት ልጇን ትንሽ ውሸት ታስለምደዋለች፣ ከአለቃ የምታስጥል፣ ከዳኛ የምታስጥል። እርስዎ ምን አብልተው ነው ያሳደጉት?

ከዚያ በየእሑዱ ስሄድ ያስተምረኝ ጀመር። ኅዳር ላይ እኔን ካላወጡኝ የምታሳዪያቸው አንቺ ነሽ አለኝ። አፈሩ ላይ በጣቱ እየሣለ፣ ሊነጋጋ ሲል በምሥራቅ ሦስት ብርሃን ታያለሽ አለኝ። ከሁሉ ዝቅ ብላ ከሁሉ የምታበራው አጥቢያ ኮከብ ናት፣ እሷን ተያት። ላይ ያለው ጁፒተር የሚሉት ሌላው ኮከብ ነው። ከእሱ ሥር፣ ቅርብ፣ ፈዘዝ ያለው የእኛ ነው። እኔ በዕድሜዬ መርፌ እንጂ ኮከብ አነጣጥሬ አላውቅም። ስሳሳት ይስቅብኝ ነበር፣ ሲስቅ ንዴቴ በረደ። ውጭ ሀገር በተራራ ላይ ትልልቅ መነጽር ያላቸው ሊቃውንት ቀለበቱ የሚጠፋበትን ዓመት በጉጉት እንደሚጠብቁትም ነገረኝ። ለካ የቀለበቱ ብርሃን ሲጠፋ አጠገቡ ተሸሽገው የሚኖሩ ትናንሽ ጨረቃዎች ይታያሉ። እውነቱን ልንገርዎት፣ በትዳራችን ያን ያህል ተነጋግረን አናውቅም። ያን ጊዜ ነው ይህን ሰው ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ስንቅ ይዤ ስሄድ ጎንደር ተዛውሯል አሉኝ። ጎንደር ሄድሁ። ስንቁን ተቀብለው ባዶ ሳህኑን መለሱልኝ። በሚቀጥለው ስሄድም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን በር ላይ ያለው ሰው ስሙን ሰምቶ ወደ ውስጥ ገባና ተመልሶ ለዚህ ሰው ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ አለኝ። ወዴት ወሰዳችሁት ብዬ ብጠይቀው ቀጣይዋን ሴት ጠራ። አብረውኝ የተሰለፉት ሴቶች ፊታቸውን ሲያዞሩ አይቻለሁ። እኔ ግን የያዝሁት ቃል ነበረኝ። ቀለበቱ ከታየ ይወጣል የተባለው በሕዝብ ፊት ነው። ሌላ ቦታ አዛውረውት ይሆናል ብዬ ወደ ደባርቅ ተመለስሁና ኅዳርን ጠበቅሁ።

ኅዳር እንደገባ ጓድ ደስታው ቢሮ ሄጄ ቃሉን አስታወስሁት። መነጽሯ ሳጥኗ ውስጥ ሆና ከወንበሩ ጀርባ ተቀምጣለች። ሥራ በዝቶብኛል አለ፣ ሌላ ቀን ደመና ነው አለ፣ ሌላ ቀን ስብሰባ አለብኝ አለ። ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶ ደመና ነው ሲለኝ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። በመጨረሻ መሪጌታ አብረውኝ ገቡና ለሚካኤል ይሁን አሉት። እሳቸውን እንቢ ማለት ስላልቻለ እሺ አለ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሊነጋጋ ሲል በቢሮው ግቢ ተገናኘን፤ እሱ፣ ከማኅሌት የወጡት መሪጌታና እኔ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሦስቱ ብርሃኖች አሻግሬ አፈሩ ላይ በሣለልኝ ቦታ ነበሩ፣ አንዱም አልተሳሳተም። አነጣጠርሁ። መጀመሪያ ጁፒተርን ይዤ ኖሮ አጠገቡ የተደረደሩትን ጨረቃዎቹን አየሁና ተውሁት። ጥቂት ዝቅ ሳደርጋት አገኘሁት። ድቡልቡሉ አካል አለ፣ ከግራና ከቀኙ ቀጭን የብርሃን መስመር ወጥቶለታል፤ በመርፌ የተሰካ ዶቃ ይመስላል። ቀለበቱ ተመልሷል። እማማ፣ ከደስታ ብዛት አለቀስሁ። ባሌ ቤቱ ሊገባ ነው ብዬ ነው ያለቀስሁት።

ቦታውን ለቀቅሁለት። ጓድ ደስታው ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከመጋቢቱ ይልቅ ብዙ ቆየ። ትንፋሹን ሲይዝ ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀና አለና ወደ እኔ ሳይመለከት «አይታየኝም» አለ።

ምናልባት መነጽሯ ተንቀሳቅሳ ይሆናል ብዬ እንደገና አነጣጠርሁለት። እንደገና አየና አሁንም አይታየኝም አለ። በመስከረም ዓይኑን ታሞ ያከምሁት እኔ ነኝ። ሲሻለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፊደል አስነብቤዋለሁ፣ እስከ ታችኛው ደቃቅ መስመር ድረስ አንብቦልኛል። ዓይኑ ከእኔ ዓይን ይሻላል። አየሁ ካለ ግን በቃሉ መሠረት አሻግሬን አምጥቶ ሊሰጠኝ ይገባል። ይህን ሳስበው የቢሮው ደረጃ ላይ ተቀመጥሁ።

መሪጌታ በተራቸው አዩ። ቀና ብለው ጓድ ደስታውን ተመለከቱት፣ እሱም አንገቱን ደፋ። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጓድ ደስታው ዘበኛውን ጠርቶ ዕቃዋን ስጣት ብሎት ወደ ውስጥ ገባ። ሳጥኑን ሲያወጡልኝ ውስጡ፣ መነጽሯ ስትቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ የታጠፈ የአሻግሬ ጋቢና ጫማው ተቀምጠዋል። ከጎንደር መቼ እንደመጡ አልጠየቅሁም፣ የነገረኝም የለም።

አሁን ወደ አንደኛው ጥያቄዎ ደረስሁ። ደኅና ነው፣ እጅ ይነሣል፣ ሥራ በዝቶበት ነው የምትል አንዲት መስመር ልጽፍልዎ ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቻለሁ። ጽፌም ቀድጄአለሁ። በመጋቢት ለእሱ ብዬ ያላየሁትን አየሁ ብያለሁ፤ ለእርስዎ እንደዚያ አላደርግም። ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፍልዎ። ልጅዎን ከሐምሌ ወዲህ አላየሁትም። ቀለበቱን አይቻለሁ። ጋቢውን አይቻለሁ።

መሪጌታ ደብዳቤ አትጻፊ፣ እንዲህ ያለው ነገር በሰው አፍ እንጂ በወረቀት አይሄድም ብለውኛል። እሺ ብያቸዋለሁ። እኔ የጻፍሁት ስለ ቀለበቱ ነው፣ እሱን እርስዎ ጠይቀውኛልና። ሰጠኝ ነገ ሲነሣ ባዶ እጁን ቢመጣብዎ ደግሞ ይከፋዎታል። መሪጌታ ከሽማግሌዎች ጋር ሰጠኝን ተከትለው ወደ እርስዎ ይመጣሉ። ማለዳ ነው የሚደርሱት። እኔም አብሬያቸው ነኝ፤ ከክሊኒኩ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ እርስዎ ካልጠሉኝ ቶሎ አልመለስም።

ቄስ አገኘሁ፣ አንብበው ሲጨርሱ እባክዎ ወዲያው ወደ ቤትዎ አይሂዱ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው እስክንደርስ አብረዋቸው ይቆዩ።

እማማ፣ አምላክ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ ልብዎንም ያጽናልኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ በየስሙ ሰላም ይበሉልኝ፣ ቅዱስ ሚካኤል ከቤትዎ አይለይ። ጋቢውን አጥቤ አስጥቼዋለሁ፣ ሲደርቅ ይዤልዎ እመጣለሁ። ጥጡን የፈተሉት እርስዎ ነዎትና እኔ ላስቀረው አይገባኝም። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ በፊት እጅዎን መያዝ እፈልጋለሁ፤ እስከዚያ ብቻዎን አይደሩብኝ።

የአሻግሬ ሚስት፣
ልጅዎ